አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፦ ፔኒሲሊንን ያገኘውና ስለ መላመዱ ቀድሞ ያስጠነቀቀው ሐኪም

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1881 በስኮትላንድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በለንደን በሚገኘው በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሕክምና ተምሮ እዚያው በተመራማሪነት ቀረ። ከ1910 ገደማ ጀምሮ ሳልቫርሳን የተባለውን አዲስ የቂጥኝ መድኃኒት በደም ሥር ከሰጡት ጥቂት የለንደን ሐኪሞች አንዱ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ቁስለኞችን ሲያክም፣ ጥልቅ ቁስል ላይ የሚፈስሰው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ከጀርሙ ይልቅ የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት እንደሚጎዳ አሳየ። በ1928 ከእረፍት ሲመለስ፣ ባክቴሪያ ባሳደገበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቅሎ በዙሪያው ያሉትን ጀርሞች አጥፍቶ አገኘ። ከሻጋታው የሚወጣውን ንጥረ ነገር ፔኒሲሊን አለው። ለሕክምና ያበቁት ግን የኦክስፎርዶቹ ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ፔኒሲሊን ጨብጥንና ቂጥኝን ማዳን ጀመረ።

ፍሌሚንግ በ1945 ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ለመግደል የማይበቃ መጠን የቀመሱ ጀርሞች መድኃኒቱን እንደሚላመዱ አስጠነቀቀ። ለምሳሌም ጉሮሮውን ታሞ በራሱ ፈቃድ ጥቂት ፔኒሲሊን የወሰደ ሰው የተላመደውን ጀርም ለሚስቱ አስተላልፎ፣ እሷ በፔኒሲሊን ብትታከምም ሳይሠራላት ስትሞት የሚያሳይ ታሪክ ተናገረ።

ፍሌሚንግ በ1955 አረፈ። በ1976 ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም የሚያመነጭ የጨብጥ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ዛሬ ፔኒሲሊን ለጨብጥ አይታዘዝም። ቂጥኝ ግን አሁንም በፔኒሲሊን ይድናል።

ጥያቄው ዛሬም አለ። ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ለቂጥኝና ለክላሚዲያ ከፍተኛ ተጋላጭነት ባላቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ በሽታውን በእጅጉ ይቀንሳል። ብዙ የጨብጥ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ስለተላመዱ ግን ጨብጥን የመከላከል አቅሙ አነስተኛ ነው። በተደጋጋሚ ሲወሰድ ደግሞ በቆዳ፣ በጉሮሮና በአንጀት ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎችም እንዲላመዱ ዕድል ይሰጣል፤ ይህ መጠኑ ትክክል ሲሆንም ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ለመከላከያ ብለው አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ የተረፈ መድኃኒትም ለሌላ ሰው አያካፍሉ። ሐኪም ካዘዘልዎ በተነገረዎት መጠን ብቻ ይውሰዱ፤ ምርመራዎን በየጊዜው ያድርጉ፤ ኮንዶም መጠቀምም አይተዉ።