ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያው ሸክላ

የሰው ድምፅ ከባለቤቱ በኋላ መኖሩ ዛሬ ለእኛ ለተማሪዎች ተራ ነገር ነው። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ግን ዘፈን ከዘፋኙ አፍ ወጥቶ ከነፋስ ጋራ ይጠፋ ነበር። ይህን ነገር በአገራችን አስቀድመው የለወጡት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስለ ሆኑ፣ ታሪካቸውን በአጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። በግጥምና በመሰንቆ የታወቁ ሰው ነበሩ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ አውቶሞቢል ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ የሚነዳና የሚጠግን ኢትዮጵያዊ እንዲኖር ስለ ፈለጉ፣ በ1900 ዓ.ም. ተሰማን ለዚሁ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ላኩአቸው።

እርሳቸውም የተላኩበትን ሙያ ሲማሩ ዘፈናቸውን አልተዉም። ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በዚያ ዘመን ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነበር፤ ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ መሳይ መለከት ፊት ይዘፍናል፤ የድምፁም ንዝረት መርፌ እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይጽፋል። የሸክላው አንድ ገጽ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ ግጥምን መርጦና አሳጥሮ መዝፈን ግድ ነበር።

የሸክላው ገበያ ሰፊ አልነበረም፤ ግራሞፎን የሚገኘው በቤተ መንግሥትና በጥቂት ባለጸጎች ቤት ነበርና። በአገራችን የሸክላ ንግድ በግል ነጋዴ እጅ የደራው ከ1961 ዓ.ም. ወዲህ፣ አቶ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ከጀመሩ በኋላ ነው።

ተሰማ ወደ አገራቸው ተመልሰው የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ሆኑ፤ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ግን የእርሳቸውም ዕድል አብሮ ተለወጠ። በእግር ኳስ የምናውቃቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት፣ ልጃቸው ናቸው፤ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባትየው በ1950ዎቹ አጋማሽ ዐረፉ። ሸክላዎቹ መቶ ዓመት ሲሞላቸው ግን ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ እትም በ27ኛው ቍጥር እንደገና ታትመው ወጡ። በምኒልክ ዘመን ጥቂቶች ብቻ የሰሙትን ድምፅ ዛሬ ማንም ይሰማዋል።

ውድ አንባቢዎች፤ ይህን ታሪክ ሳነብ ያሰብሁት ስለ ደቡብ ኦሞ ነው። በጂንካ የቅዳሜ ገበያ አሪው፣ ሐመሩ፣ በናው፣ ማሌውና ሙርሲው ይገናኛሉ፤ ሁሉም የየራሱ ዜማ አለው። አያቴ በአረም ጊዜ የምታዜመውን የአሪኛ ዘፈን ከመንደራችን ሙሉውን የሚያውቁት ሦስት ሴቶች ብቻ ቀርተዋል፤ ሦስቱም አርጅተዋል። አያቴ ዘፈኑ የእርሻ እንጂ የቤት አይደለም ብላ ስለምታምን እቤት ተቀምጣ አታዜምም። ስለዚህ ፈቃዷን ጠይቄ፣ በመጪው ክረምት አብሬያት አረም ወርጄ በስልኬ ልቀርጽላት ተስማምተናል።

ነጋድራስ ተሰማ ድምፃቸውን ለማስቀረት ባሕር መሻገር ነበረባቸው። ለእኛ የሚያስፈልገን ስልክ በየኪሳችን አለ፤ የቀረን ሽማግሌዎቻችንን ሳይመሽ መጠየቅ ነው። እናንተም ወላጆች የምታውቁትን ንገሩን፤ እኛም ተማሪዎች ከነባለቤቱ ስም ጽፈን እናስቀምጥ።