አፄ ቴዎድሮስና የመሣሪያ መክሸፍ ጥያቄ፦ ከጎጃም ሰፈር እስከ መቅደላ

በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ጎጃም ውስጥ ሰፍረው ሳሉ የእንግሊዙ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ጥንድ ሽጉጥ አቀረበላቸው። በሽጉጡ ላይ የተለጠፈው የብር ሰሌዳ ስጦታው ንጉሡ ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ላደረጉት ቸርነት ምስጋና መሆኑን ይገልጻል። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ ሕይወታቸውን ያሳለፉት በዚሁ ስጦታ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የሚተረከው ስለ ክብርና ስለ ሞት ነው። ሆኖም ንጉሡን ዕድሜ ልካቸውን ያስጨነቀ ሌላ ጥያቄም ይዟል፤ ይኸውም መሣሪያ በሚፈለግበት ሰዓት እንዳይከሽፍ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ቋረኛው ካሣ ኃይሉ ይህን ጥያቄ የተማሩት በሽንፈት ነበር። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በሱዳን ጠረፍ የነበረው የግብፅ ጦር በመድፍና በሥርዓት በሚተኩስ እግረኛ ድል አደረጋቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን፣ ኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ፣ የዛሬዎቹን ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን ያቅፍ የነበረው የዳሞት ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በካሣ ጦር ፊት ወደቁ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

በዚያ ዘመን አገሪቱ የነበራት ጠመንጃ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር። ከፊሉ በሚነድ ገመድ ይለኮሳል፤ ከፊሉ ደግሞ ትንሽ የመዳብ ቆብ በመዶሻ ሲመታ ብልጭታው በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል። የመክሸፉ ምክንያቶችም ግልጽ ናቸው፦ ባሩዱ ይረጥባል፣ ቀዳዳው በጥቀርሻ ይደፈናል፣ ቆቡ ያረጃል፣ የመዶሻው ሞላ ይላላል። ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው የዛሬ ሽጉጥ እንኳ ሲከሽፍ የሚመረመረው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ጥይቱ፣ መርፌው፣ ሞላው፣ ቆሻሻው በየተራ ይታያሉ። መፍትሔውም ያው መወልወል፣ ማድረቅና ያረጀውን መለወጥ ነው። ይህ ግን ባለሙያና መለዋወጫ ይጠይቃል።

ንጉሡ ይህን ስለተረዱ ከመሣሪያው ይልቅ ሙያውን ፈለጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። የመጀመሪያው ሙከራ ምድጃው እሳቱን ባለመቋቋሙ ከሸፈ፤ ስሕተቱ እየታረመ ግን ሥራው ሰመረ፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ተሠራ። በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ የጠየቁት ጠመንጃ ሠሪ፣ ብረት አቅላጭና የባሩድ መሥሪያ መሣሪያ ነበር። ባለሙያዎቹ ምፅዋ ድረስ መጡ፤ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ስላልተለቀቁ ግን ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ተመለሱ። ንጉሡ ሙያውን ለማግኘት የተጠቀሙበት ማስገደጃ ራሱ ሙያውን አስቀረባቸው።

ውጤቱ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ታየ። ከተራራው የተተኮሱት የመድፍ ጥይቶች ከእንግሊዝ ጦር አናት በላይ አለፉ፤ በዕለቱም ከባድ ዝናብ ወረደ። በተቃራኒው የቆመው እግረኛ በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረውን ስናይድር ይዞ ነበር፤ ይህ ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርስ፣ ቆቡም ባሩዱም በአንድ ቀለህ የታሸገ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራዊት አለቀ፤ ከእንግሊዞች የሞቱት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሡ መቅደላ ላይ የቪክቶሪያን ሽጉጥ በራሳቸው ላይ ተኮሱ፤ እርሱ አልከሸፈም። የጋፋት ምድጃ ግን ከንጉሡ ጋር ጠፋ። ስለዚህ የቴዎድሮስ ሕይወት ለቴክኖሎጂ ታሪክ ተመራማሪ የሚተወው ቁም ነገር የመሣሪያ ብዛት ሳይሆን የጥገና ጉዳይ ነው፤ የመጠገን ዕውቀት በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ከዚያ ሰው ዕድሜ አያልፍም።