ዊልያም ብላንፎርድና የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በመካኒሳ፣ ለሕንፃ መሠረት ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስ የላዩን አፈር ካስነሣ በኋላ የሚያገኘው ዐለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ከዚህ ዓይነቱ ዐለት ሥር ምን እንዳለ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ሰሜን ተጉዞ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደሚገኘው የዓባይ ሸለቆ መውረድ ይኖርበታል። ዋና ዋናዎቹ ንብርብሮች ሲጠቀሱ፣ በዚያ ገደል ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ ከእርሱ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ በግርጌው ደግሞ ቀላ ያለው አሸዋ ድንጋይ ይታያል። የኖራው ድንጋይ የእንጣሎ፣ አሸዋ ድንጋዩ የአዲግራት ተብሎ ይጠራል። ስሞቹ የትግራይ ቦታዎች ስሞች ሲሆኑ፣ ለዐለቶቹ የሰጣቸው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሊቅ ነው።

ብላንፎርድ በ1832 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወጣትነቱ ለጥቂት ጊዜ በኢጣልያ በንግድ ሥራ ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በሎንዶን የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም በጀርመን አገር በፍራይቤርግ ተማረ። በ1855 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ወደ ሕንድ ተሻግሮ በዚያ አገር የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ጊዜው የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋበት፣ የእንፋሎት መርከብም የሚበዛበት ስለነበረ፣ ዛሬ ነዳጅ ዘይት የሚፈለገውን ያህል ያን ጊዜ የሚፈለገው የድንጋይ ከሰል ነበር።

የሁለቱ ወንድማማቾች የመጀመሪያ ግዳጅ በኦሪሳ ግዛት የሚገኘውን የታልቺርን የከሰል ምድር መመርመር ሆነ። በዚያም ከከሰሉ ሥር፣ በደቃቅ ጭቃ ውስጥ የተቀበሩ ታላላቅ ቋጥኞች አገኙ። ወራጅ ውሃ ደቃቁን ጭቃ አስቀምጦ ቋጥኙን በአንድነት ሊያኖር ስለማይችል፣ ቋጥኞቹን ያመጣቸው በረዶ መሆን አለበት የሚል ግምት በ1856 አቀረቡ። ፀሐይ በሚያቃጥልበት ቆላ ምድር ጥንት በረዶ ነበረ ማለት በዚያን ጊዜ በቀላሉ የሚታመን ነገር አልነበረም። የኋላ ጥናት ግን ሐሳባቸው ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። ብላንፎርድ ከዚህ በኋላ የራኒጋንጅን የከሰል ምድር አጠና፤ በምዕራብ ሕንድ ሰፊውን ምድር የሸፈነውን የዴካንን የእሳተ ገሞራ ዐለትም መረመረ። ከሰል ፈላጊ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የትኛው ንብርብር ከየትኛው በታች እንደሚውል በዓይኑ ለይቶ ማወቅን በእነዚህ ዓመታት ተካነ።

በ1867 የእንግሊዝ መንግሥት በአፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት ሲል ጦር ባዘመተ ጊዜ፣ አብዛኛው ሠራዊትና ስንቅ የተነሣው ከሕንድ ነበር። ብላንፎርድም የዘመቻው የሥነ ምድር ሊቅ ሆኖ ተመደበ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዘ። መንገዱ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

ወታደሩ መንገዱን በውሃና በመኖ ሲመዝነው፣ ብላንፎርድ በዐለቱ መዘነው። ከጠረፍ ወደ ደጋው ሲወጣ ከሁሉ በታች የሚገኘውን፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠውን ጥንታዊ ዐለት ተመለከተ። በዚያ ላይ የተነጠፈውን አሸዋ ድንጋይ በአዲግራት ሰየመው። ከአሸዋ ድንጋዩ በላይ የሚገኘውንና የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ያለበትን የኖራ ድንጋይ በእንጣሎ ጠራው፤ ቅሪተ አካሉም የጁራሲክ ዘመን መሆኑን አመለከተው። ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ያገኘውን የእሳተ ገሞራ ዐለት ደግሞ ከሁለት ከፈለው፤ የታችኛውን የአሸንጌ፣ የላይኛውን የመቅደላ አለው። ይህን ሊለይ የቻለው ተመሳሳዩን ዐለት በዴካን አስቀድሞ ስላየ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በመቅደላ ራሳቸውን ሰዉ። አምባው ተቃጠለ፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ንዋያት ተዘረፉ። ብላንፎርድ የጦር ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ወደ አገሩ የገባው በዚህ ጦር ጥላ ሥር ነው። የምርምሩም ስፋት የተወሰነው ጦሩ ባለፈበት መንገድ ግራና ቀኝ ነበር። ሠራዊቱ ሲመለስ እርሱ ወደ ቦጎስ አገርና ወደ ዓንሰባ ሸለቆ ሄዶ ዐለቱን፣ አእዋፉንና እንስሳቱን አጠና። የደረሰበትንም በ1870 በሎንዶን በመጽሐፍ አሳተመ። ብራናዎቹ በሎንዶን ሲቀመጡ፣ ስለ አገሪቱ ዐለቶች የተጻፈው መጽሐፍም እዚያው ታተመ።

ከዚያ ወዲህ ብላንፎርድ በ1872 ከፋርስ የድንበር ኮሚሽን ጋር ተጓዘ፤ በ1879 ከሜድሊኮት ጋር የሕንድን ሥነ ምድር መጽሐፍ አወጣ፤ በ1882 ከመሥሪያ ቤቱ ጡረታ ወጣ። በ1883 የሎንዶን የሥነ ምድር ማኅበር የዎላስተን ሜዳይ ሰጠው፤ ኋላም ፕሬዚዳንቱ አደረገው። ዕድሜውን በሕንድ እንስሳት መጻሕፍት ዝግጅት አሳልፎ ሰኔ 1905 በተወለደባት ከተማ አረፈ።

ብላንፎርድ በኢትዮጵያ ነዳጅ ዘይት አልፈለገም። ፍለጋው የመጣው ከእርሱ በኋላ ነው። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1945 ውል ተዋውሎ በኦጋዴን ምርመራ ጀመረ። በ1973 ደግሞ ቴኔኮ የተባለው ኩባንያ ከአዲግራት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ጋዙን በቀዳዳዎቹ ከቋጠሩት ዐለቶች አንዱ፣ በጥልቅ ምድር ውስጥ የተገኘው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነበር። በደጋው በእግር የሚረገጠው ዐለት በኦጋዴን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ተቀብሮ ተገኘ። ከእርሱ በታች የሚገኘውና ጋዝ የቋጠረው የካሉብ አሸዋ ድንጋይም፣ ብላንፎርድ በወጣትነቱ ካጠናቸው የሕንድ የከሰል ንብርብሮች ጋር የሚዘመድ ነው። በ1971 ደግሞ በትግራይ፣ በዕዳጋ ዐርቢ፣ በታልቺር እንደታየው ያለ የጥንት በረዶ ያመጣው ደለል መገኘቱ ታትሞ ወጣ።

የብላንፎርድ ሥራ እንከን የሌለበት አይደለም። የዴካን እሳተ ገሞራ ዕድሜ 66 ሚሊዮን፣ የኢትዮጵያ ደጋ ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን መልክን በማነጻጸር ብቻ ማወቅ አይቻልም ነበር። የአሸንጌና የመቅደላ አከፋፈሉም ከመንገዱ ርቆ በየስፍራው ሲሞከር ብዙ ማስተካከያ አስፈልጎታል። የንብርብሮቹ ቅደም ተከተል ግን ጸንቶ ቆይቷል። ዘመቻው በተፈጸመ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1968፣ የኢትዮጵያ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ በ1973 በወጣው የአገሪቱ የሥነ ምድር ካርታም የአዲግራትና የእንጣሎ ስሞች ቦታቸውን ይዘው ተገኙ።

ብላንፎርድ ያስተዋለው ጥቂት ወራት በተጓዘበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ነገር ግን ያየውን ከቦታው ስም ጋር አያይዞ ስለመዘገበ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ቆፋሪ ተጠቀመበት። ዛሬ ለውሃም ሆነ ለሕንፃ መሠረት በየቀኑ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከየጉድጓዱ የሚወጣው ዐለት ዓይነትና ጥልቀት ካልተመዘገበ ግን፣ ነገ በዚያው ቦታ የሚሠራው ባለሙያ እንደገና ከአፈሩ ለመጀመር ይገደዳል።