አናሲሞስ ነሲብ፦ ሠላሳ አራት ዓመት የተዘጋጀ መመለስ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ከፊታችን ተደቅኖ ይታየናል። ከመካከላችን አያሌዎቹ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ ያስባሉ፤ ወላጆችም ይህንኑ ይመኛሉ። ነገር ግን የሄደ ሁሉ ይመለሳልን? የሚመለሰውስ ምን ይዞ ይመለሳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነን ዘንድ የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት መርጠናል። እኒህም ሰው አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከዕረፍታቸው ቀን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አናሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በምትባል ቦታ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። ይህም በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ሕፃኑ ሂካ ገና እናቱን ጠግቦ ሳያይ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። በዚያ ዘመን የሰው ልጅ እንደ ከብት በገበያ ይሸጥ ነበርና፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ከትውልድ መንደሩ እየራቀ፣ በመጨረሻ ከቀይ ባሕር ዳር ከምጥዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የቀረው ባሕሩን መሻገር ብቻ ነበር፤ ባሕሩን የተሻገረ ደግሞ የሚመለስበት ተስፋ አልነበረውም። ነገር ግን በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ በምጥዋ ይኖር የነበረ ስዊሳዊ ነፃ አወጣውና በአቅራቢያው በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው። ልጁ በዚያ ፊደል ቆጠረ፤ በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠምቆ አናሲሞስ ተባለ። አናሲሞስ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት ላይ የምናገኘው የባሪያው ስም ነው፤ ትርጓሜውም ጠቃሚ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ብናነባቸው የሰውየውን ሕይወት በሙሉ ይነግሩናል፤ ጠቃሚ ተርጓሚ ሆነዋልና።

በ1876 አናሲሞስ ወደ ስዊድን ተላኩ። በዮሐኔሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ወደ እምኩሉ ተመለሱ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። በባርነት ከአገሩ የወጣ፣ የወላጆቹን ቤት መንገድ እንኳ በውል የማያስታውስ ሰው፣ በሰለጠነ አገር ተምሮ በዚያው ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር? እርሳቸው ግን ልባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር ነበር። ከስዊድን እንደ ተመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ትዳር በያዙበትም ዓመት ወዲያው ወደ አገር የመመለሱ ጉዞ ተጀመረ።

የመጀመሪያው መንገድ በሱዳን በኩል ነበር። መንገደኞቹ የዓባይን ሸለቆ ተከትለው እስከ አሶሳ አካባቢ ዘለቁ፤ ወለጋ ከዚያ ሩቅ አልነበረችም። ይሁን እንጂ ማለፍ ስላልተቻላቸው በሚያዝያ 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። አናሲሞስም በንዳድ ታመው ነበር። ያን ጊዜ ሱዳን በመሐዲ ዐመፅ መናወጥ ጀምራ ስለ ነበር ካርቱም መቆየትም አስጊ ነበር። ስለዚህ ዞረው ወደ እምኩሉ ገቡ።

ሁለተኛው መንገድ በሸዋ በኩል ነበር። ከዚህ ከፉሪ ተራራ ወደ ሰሜን ስንመለከት የእንጦጦ ጋራ በግልጽ ይታየናል። አናሲሞስ በ1886 ደርሰውበት የነበረው ቦታ እርሱ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነበርና፣ ዛሬ ቤት ከቤት ገጥሞ የምናየው ሜዳ ያን ጊዜ ገና ከተማ አልሆነም ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ግን ወደ ወለጋ ያልፉ ዘንድ አልፈቀዱላቸውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሚስዮናውያን ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክለው ነበርና። የተወለዱበትን አገር ቋንቋ በጆሯቸው እየሰሙ፣ ደጁ ላይ ደርሰው ተመለሱ። ይህን ሐዘን ለመገመት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ምሕረትም ወለጋን ሳታይ በዚያው በባሕሩ ዳርቻ አረፈች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጊዜ ከሁሉ የሚያስተምረን ይመስለናል። ሁለት ጊዜ መንገድ የተዘጋበት ሰው ሁለት ዕድል አለው፤ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል፣ ወይ የጥበቃውን ጊዜ ወደ ሥራ ይለውጠዋል። አናሲሞስ ሁለተኛውን መረጡ። እምኩሉ በሙቀቷ በታወቀችው በምጥዋ አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ምጥዋን በ1885 ኢጣልያኖች ከያዟት ጀምሮ የሚኖሩት በባዕድ መንግሥት ሥር ነበር። በዚያ ቦታ ከባርነት ነፃ የወጡ የኦሮሞ ልጆችን እያስተማሩ፣ አንድ ቀን ይዘውት የሚገቡትን ስንቅ ማዘጋጀት ጀመሩ። ስንቁም እህል ወይም ገንዘብ አልነበረም፤ መጽሐፍ ነበር።

ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ችግር ገጠማቸው። በሕፃንነታቸው ከአገር ስለ ወጡ፣ መጽሐፍ ለመተርጎም የሚበቃ የኦሮምኛ ቃል አልነበራቸውም። የተማሩ ሰው ነኝ ብለው ግን አልታበዩም፤ ቋንቋውን ከሚያውቁት ዘንድ ተማሩ። ከእነዚህም አንዷ አስቴር ጋኖ ነበረች። እርሷም በባርነት ተወስዳ በ1886 ኢጣልያኖች ከመርከብ ላይ ነፃ አውጥተዋት ወደ እምኩሉ የመጣች ልጃገረድ ነበረች። የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን አልረሳችም ነበርና፣ የሕዝቡን ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከልቧ እያወጣች በጽሕፈት አኖረች፤ ለመዝገበ ቃላትም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቃል ሰበሰበች። ልድያ ዲምቦም ከዚያው ማኅበር መካከል ነበረች። አናሲሞስ ምሕረት ከሞተች በኋላ ያገቧት ልድያን ነው። እርሷም ራሷ ከኦሮሞ ወገን ስለ ነበረች፣ ባልና ሚስቱ የሚጠብቁት መንገድ ለሁለቱም የአገር ቤት መንገድ ነበር።

የሥራውም ፍሬ ተራ በተራ ታየ። በ1887 የመዝሙር መጽሐፍ፣ በ1893 ሐዲስ ኪዳን፣ በ1894 አናሲሞስና አስቴር አብረው ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ወጣ። በመጨረሻም በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጉሞ በስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ ለብዙዎቻችን ይህ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ያ መጽሐፍ የታተመው በዚያ ፊደል መሆኑን ማወቅ ይገባናል። ይህም ትርጉም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕዝቡን አገልግሏል።

በዚህ መካከል መንገዱ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ባልንጀራው ዳንኤል ሉሉ ወደ ወለጋ ገብተው በቦጂ ማስተማር ጀመሩ። አናሲሞስም በ1904፣ ነፃ በወጡ በ34 ዓመታቸው፣ ከቤተሰባቸው ጋር ነቀምት ገቡ፤ አስቴር ጋኖም ለዚያው ሥራ ወደ ወለጋ ገባች። በልጅነቱ ታስሮ የወጣው ሂካ ጎልማሳነቱን አጋምሶ መምህር ሆኖ ተመለሰ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤትም ተከፍቶ ልጆች በሚያውቁት ቋንቋ ማንበብ ጀመሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ቢፈጸም መልካም ነበር፤ ነገር ግን ወደ አገር መመለስ የድካም ማብቂያ አይደለም። የአካባቢው ካህናት ከሰሷቸውና በግንቦት 1906 ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከነቀምት እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው፣ ስብከቱን ትተው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ። አናሲሞስም ንጉሡ ያሉትን ተቀብለው በማስተማሩ ብቻ ተወሰኑ። አፋቸው ከስብከት ቢከለከልም እጃቸው ከጥቁር ሰሌዳው አልተለየም። በ1916 ልጅ ኢያሱ በእምነታቸው እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ፈቃዱ አልተሻረም። አናሲሞስ በዚህ ዓይነት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲያገለግሉ ቆይተው እሑድ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. አረፉ። በዚያ ዘመን የጀመሩት ሥራ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተስፋፍቷል፤ በአይራ የሚገኘው የሥነ መለኮት ትምህርት ቤትም በስማቸው ይጠራል።

እኛ ከዚህ ሕይወት ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መመለስ የሚጀምረው የመሄጃው ትኬት በተቆረጠ ቀን ሳይሆን፣ ሰው በባዕድ አገር ሳለ ለአገሩ ማዘጋጀት በጀመረ ቀን ነው። አናሲሞስ በ1881 ገብተው ቢሆን ኖሮ ባዶ እጃቸውን በገቡ ነበር፤ በ1904 ግን የሕዝባቸውን ቋንቋ በመጽሐፍ ይዘው ገቡ። የመንገዱ መዘጋት መልካም ነበር ማለታችን አይደለም፤ ምሕረትን የመሰለች ሚስት በመካከሉ ቀርታለችና። የተዘጋውን ጊዜ ግን እንዳልባከነ አደረጉት። ሁለተኛ፣ የተማረ ሰው ካልተማረው ወገኑ የሚማረው አለ። አስቴርና ባልንጀሮቿ ባይኖሩ የዮሐኔሉንድ ትምህርት ብቻውን ያን ሥራ ባልፈጸመ ነበር። ሦስተኛ፣ ቤትና ትዳር ለትልቅ ሥራ ዕንቅፋት አይደለም። ምሕረትም ልድያም የመንገዱንና የጥበቃውን ሸክም አብረው ተሸክመዋል፤ ስማቸው ከባላቸው ስም ጋር ሊነሣ ይገባዋል።

እዚህ በፉሪ አማርኛም ኦሮምኛም በየደጁ ይነገራል። ከእኛ መካከል አያቱ የሚነግሩትን ተረት ለመስማት ጊዜ ያጣ ብዙ ነው። የአስቴርን ሥራ ለመጀመር ግን እምኩሉ መድረስ አያሻንም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ወደ ባሕር ማዶ የምንሄደውም ብንሆን፣ ከመሄዳችን በፊት ምን ይዘን እንደምንመለስ ብናስብ፣ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን የደከሙብን ድካም በከንቱ አይቀርም።