የአክሊሉ ለማ እንዶድ፦ ፈጠራ ይዞ ሸሪክ ለሚፈልግ ወጣት

አያቴ ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ውርጌሳ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ ልብሱ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ይረገጣል። እኛ ልጆቹ ደግሞ ከታች በኩል ስንንቦጫረቅ እንውላለን። ያኔ በዚያ አረፋ ላይ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት እንደወጣ የነገረኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር።

ታሪኩን ዛሬ ያነሳሁት በጓደኛዬ ምክንያት ነው። የመርሳ ልጅ ነው፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተመርቋል። በስልክ ካሜራ ላይ የምትገጠም ትንሽ ማይክሮስኮፕ እየሠራ ነው። ሐሳቡ ደህና ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ የጤና ባለሙያ የጥገኛ ትል እንቁላል በስልኩ እንዲያይ ማድረግ ነው። በቅርቡ ከአንድ የውጭ ኩባንያ ኢሜይል ደረሰው። አብረን እንሥራ ይላል። ግን መጀመሪያ ዲዛይኑንና እስካሁን የሰበሰብከውን ዳታ ላክልን፣ ውሉን በኋላ እንነጋገራለን ነው ነገሩ። ጓደኛዬ ደስታውን አልቻለውም። ኢኮኖሚክስ ተምረሃልና አንብብልኝ ብሎ ለእኔ ላከው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ኢሜይሉን ሳነብ ግን አንድ ሰው ትዝ አሉኝ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ስማቸውን ሳታዩ አትቀሩም። የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው በእሳቸው ስም ነው። ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ1966 የመሠረቱትም ራሳቸው ናቸው፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ነበር። በ1989 ዓ.ም. ነው ያረፉት። የእኛ ትውልድ ግን ስለ ሰውዬው የሚያውቀው ከሕንፃው ስም ብዙም አያልፍም።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አክሊሉ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱ፣ ዕድሜያቸው 30 አካባቢ የሆነ ተመራማሪ ነበሩ። ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ።

ስለ በሽታው ሁለት ቃል ልበል። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚፈለፈለው ነፍስ ግን በቀጥታ ሰው አይዝም፤ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ መራባት አለበት። ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው በቆዳው በኩል ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። የሐይቅ ከተማ አካባቢ አዲስ የቢልሃርዚያ ቦታ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈዋል። ሐይቅ ከእኛ ወደ ደሴ ስንሄድ የምናልፋት ከተማ ናት።

አድዋ ላይ አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ከላይ ያሉት ደግሞ ደህና ናቸው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ወንዝ ዳር ተጀመረ።

አክሊሉ ያገኙትን በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ለሳይንቲስት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ሐሳባቸውም ሀብታም መሆን አልነበረም። ድሃ ገበሬ ከጓሮው በሚያበቅለው ተክል ራሱን ከበሽታ እንዲጠብቅ ነበር የፈለጉት። ያኔ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚታወቀው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ኬሚካል ነበር፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነው። እንዶድ ደግሞ ጓሮ ያለ ቁጥቋጦ ነው።

ወረቀት ላይ ብቻም አልቀረም። እዚያው አድዋ ለ5 ዓመት የመስክ ሙከራ ተደረገ፣ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ.። ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆይተው በትንንሽ ሕፃናት ላይ የሚታየው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ካሊፎርኒያ ያለ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ደግሞ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ለእሳቸው ክብር ለማቶክሲን ተባለ። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም ከአገሪቱ ዙሪያ ከ60 በላይ የእንዶድ ዓይነት ሰብስበው አወዳደሩ። ኃይለኛ ሆኖ የተገኘው ዓይነት 44 ነው።

አሁን ይህን በስታርትአፕ ቋንቋ አስቡት። ምርት አለ። የመስክ ማስረጃ አለ። ጥሬ ዕቃው አገር ውስጥ ይበቅላል። ተጠቃሚው በሚሊዮን ይቆጠራል። ኢንቨስተር ፊት ቢቀርብ ማን እምቢ ይላል?

ግን እምቢ ተባለ። ወይም ከእምቢታ የባሰው መጣ፤ ቆይ ተባለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደማያመጣ በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ መስፈርት እንዲረጋገጥ ፈለጉ። ጥያቄው በራሱ ስህተት አይደለም፤ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መፈተሽ አለበት፣ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ችግሩ ወዲህ ነው። መስፈርቱን የሚያሟላ ላቦራቶሪ እዚህ አልነበረም፣ ለፈተናው የሚከፈለው ገንዘብም አልነበረም። እዚህ የተሠራው ጥናት ደግሞ እንደ በቂ ማስረጃ አልተቆጠረም። አክሊሉ ከአፍሪካ የሚወጣ ሳይንስ በጥርጣሬ እንደሚታይ ደጋግመው ሲናገሩ ኖረዋል። በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ሰጥቶ የደኅንነት ጥናቱ ተሠራ። ውጤቱ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

እስቲ ቁጠሩት። ከ1964 እስከ 1991 ድረስ 27 ዓመት ነው!

ገበያ ደግሞ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። በመሃል ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት መጣ። ትሉን ሰው ሆድ ውስጥ ይገድላል፣ በኪኒን ይሰጣል። ዋጋውም እየወረደ ሄደ። የዓለም ትኩረትና ገንዘብ ወደ ኪኒኑ ዞረ። ኪኒኑ ጥሩ ነው፤ ግን ልጁ ድኖ ነገ እዚያው ወንዝ ከገባ ተመልሶ ይያዛል፣ ቀንድ አውጣዋ እዚያው ናትና። ሁለቱ ተደጋግፈው መሄድ ይችሉ ነበር። ዘግይቶ የደረሰው ግን እንዶድ ሆነ።

ከሁሉ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ አንዲት እንግዳ ተገኘች። ዜብራ መስል ትባላለች፤ ዥንጉርጉር ዛጎል ያላት ትንሽ የውሃ ፍጥረት ናት። ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ ተጭና እንደመጣች ይታመናል። የኃይል ማመንጫዎችንና የከተማ ውሃ ድርጅቶችን ቧንቧ እየደፈነች አገሩን አስጨነቀች። እ.ኤ.አ. በ1990 አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከተመራማሪዎቹ ጋር ሲወያዩ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ይቺንስ አይገድልም ወይ የሚል ሐሳብ ተነሳ። ተሞከረ። ገደላት።

ፓተንት ለማመልከት ብዙ ጊዜ አልፈጀም፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ተገኘ። የአክሊሉ ስም ከፈጣሪዎቹ መካከል አለበት። የፓተንቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥትም ሆነ የአድዋ ልብስ አጣቢዎች በባለቤትነቱ ውስጥ የሉበትም። ጉዳዩ በኋላ የአፍሪካ ባህላዊ ዕውቀት እንዴት እንደሚወሰድ ሲወራ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆነ።

ስድብ ውስጥ ሳንገባ ነገሩን በኢኮኖሚክስ ዓይን እንየው። ፍሬው ያው ነው። አንዱ ጋ የሚጎዳው ወንዝ የሚሻገር የገበሬ ልጅ ነው፤ ሌላው ጋ ቧንቧው የተደፈነበት የኃይል ማመንጫ። ልጁ ሕመም እንጂ በጀት የለውም። ማመንጫው በጀት አለው። ስለዚህ በአንድ በኩል ወሬው ለ27 ዓመት ስለ ፈተናና ስለ እርዳታ ሆነ፤ በሌላ በኩል ወዲያው ስለ ፓተንት ሆነ። ክፍል ውስጥ ይህን ፍላጎት ብቻውን ገበያ አይሆንም፣ የመክፈል አቅም ያስፈልገዋል ብለው አስተምረውን ነበር። ለፈተና ሸምድጄው አለፍኩ። የገባኝ በእንዶድ ነው።

አክሊሉ ዝም ብለው የተቀመጡ ሰው አልነበሩም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ በኋላም ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል፤ ብዙዎች አማራጩ ኖቤል ይሉታል። ክብሩ አልቀረባቸውም። የቀረባቸው የፈለጉት ነገር ነው፤ እንዶድ በየመንደሩ ወንዝ ዳር በሽታ ሲከላከል ማየት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓተንት የሚያስፈልገው ሀብታም ለመሆን ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ፈጠራህ ለማን፣ በምን ዋጋ፣ የት እንደሚደርስ የመወሰን ሥልጣንም ነው። ለድሃ በነፃ መስጠት ብትፈልግ እንኳ መጀመሪያ የአንተ መሆን አለበት። አክሊሉ በ1965 ያወጡት ጽሑፍ እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል የሚለውን ዕውቀት ለሁሉም ክፍት አደረገው። ክፍት ዕውቀት ላይ ግን ሌላው አዲስ አጠቃቀም ወይም አዲስ አሠራር ጨምሮ ያንን የራሱ ማድረግ ይችላል።

ዛሬ ነገሩ ትንሽ ይሻላል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለን። በጄኔቲክ ሀብትና በማኅበረሰብ ዕውቀት ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ተክሉን የጠበቀውና ዕውቀቱን ያቆየው ማኅበረሰብ ከጥቅሙ እንዲካፈል ይላል። ማመልከቻ የሚቀበል የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አለ። የሕክምና መሣሪያ የሚመዘግብ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አለ። አክሊሉ ሲጀምሩ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ጓደኛዬን መርሳ አግኝቼው ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ቁጭ ብለን መልስ ጻፍን። ኢንቨስተር አያስፈልግህም አላልኩትም፤ ያስፈልገዋል። አክሊሉን የጎዳቸው የውጭ ሸሪክ መኖሩ አይመስለኝም። ለፈተናው የሚከፍል ሸሪክ ገና ሲጀመር ቢገኝ ኖሮ 27 ዓመት ባልፈጀ ነበር።

መልሳችን ላይ ሦስት ነገር ጠየቅን። አንደኛ፣ ዲዛይኑ ከመላኩ በፊት የምስጢር ጥበቃ ስምምነት ይፈረም፤ እስከዚያው እኛም እዚህ የአነስተኛ ፈጠራ ማመልከቻ እናስገባለን። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በታወቀ መስፈርት የሚፈተሽበትን ወጪ ማን ይሸፍናል? ውጤቱስ የማን ንብረት ይሆናል? ሦስተኛ፣ መሣሪያው ወይም ሐሳቡ ለሌላ በሽታና ለሌላ አገር ሲውል የጓደኛዬ ድርሻ ምንድን ነው? ይህቺ ሦስተኛዋ ከዜብራ መስል የተማርናት ናት።

አራተኛም ጨመርን፤ ውሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ከተጻፈ የትኛው እንደሚገዛ ይገለጽ። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። እኔ ግን የውርጌሳ ልጅ ነኝ። ውጫሌ ጎረቤታችን ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ይችላሉ፣ በጣሊያንኛው ይገደዳሉ የሚል ሆኖ ተገኝቶ እስከ አድዋ አድርሶናል። የእኛ አካባቢ ሰው ውል ሳያነብ ከፈረመ ምን ይባላል?

ኢሜይሉ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ መልስ አልመጣም። ጓደኛዬ ቅር ብሎታል፣ አንዳንዴ በአንተ ምክንያት ዕድሌ አመለጠ በሚል ዓይን ያየኛል። ልክ ሊሆን ይችላል። የማመልከቻውን ቅጽ ግን መሙላት ጀምሯል፤ ቅዳሜ ስዕሎቹን አብረን እናስተካክላለን።

በነገራችን ላይ ባለፈው ውርጌሳ ስሄድ ከአያቴ ቤት ጀርባ ያለው እንዶድ አፍርቶ አየሁት። አሁን ጋቢው የሚታጠበው በዱቄት ሳሙና ነው። ልጆቹ ግን ዛሬም ወንዙ ውስጥ ናቸው።