ቁጥር ምንድን ነው ብሎ ዕድሜውን የጨረሰው ጎትሎብ ፍሬጌ

ከአባሎቻችን መካከል መቁጠር የማያውቅ የለም። ወርኃዊ መዋጮውን ቆጥረን እንከፍላለን፤ ወንበሩን ቆጥረን እናወጣለን፣ ቆጥረን እንመልሳለን። አንድ ራሱ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን ሁላችንም ዝም ማለታችን ነው። በዚህ ጥያቄ ዕድሜውን የጨረሰ ጎትሎብ ፍሬጌ የሚባል ጀርመናዊ ነበርና ታሪኩን ለአባላት ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍሬጌ በ1848 በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በቪስማር ከተማ ተወለደ። አባቱ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እሱ ገና ወጣት ሳለ ሞቱ። በዬናና በጌቲንገን ተምሮ በ1874 በዬና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 1918 ድረስም ከዚያው ንቅንቅ አላለም። በ1879 የአስተሳሰብን ሥርዓት በምልክት የሚጽፍ አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። ወደ ጎንና ወደ ታች የሚዘረጋ መስመር የበዛበት ስለ ነበረ ያነበበው ጥቂት፣ የገባው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር።

ዋናው ነገር የመጣው በ1884 ነው። በዚያን ዘመን አንዳንዶቹ ቁጥር በሰው አእምሮ ያለ ሐሳብ ብቻ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ጠጠር ከመከመር የተገኘ ነው ይሉ ነበር። ፍሬጌ ሁለቱንም አልተቀበለም። ነገሩን በእኛው ቤት እንየው። በድንኳናችን እያንዳንዱ ለቀስተኛ አንድ አንድ ወንበር ይዞ ቢቀመጥ፣ የቆመ ሰው ባይኖር፣ ባዶ ወንበርም ባይተርፍ፣ ማንንም ሳንቆጥር የሰዎቹና የወንበሮቹ ቁጥር እኩል መሆኑን እናውቃለን። እንግዲህ ማዛመድ ከመቁጠር ይቀድማል ማለት ነው። ይህን ሌሎችም አንስተውት ነበር፤ ፍሬጌ ግን ቁጥርን በሙሉ ከዚህ ሊያወጣ ተነሣ። ራሱን ያልሆነ ነገር ስንት አለ? ምንም። እንግዲያው ይኸ ዜሮ ነው። ዜሮ ብቻውን ሲወሰድ አንድ ነገር ነው፤ ዜሮና አንድ ሲወሰዱ ሁለት ናቸው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጠጠር የለ፣ ጣት የለ፤ እንዲያው የሚገርም ነው!

ይህንኑ በጥብቅ ማረጋገጫ የሚያሳየው የትልቁ ሥራው አንደኛ ክፍል በ1893 ታተመ። ሁለተኛው ክፍል በማተሚያ ቤት ሳለ፣ በሰኔ 1902፣ በርትራንድ ራስል ከሚባል የ30 ዓመት እንግሊዛዊ ደብዳቤ ደረሰው። ፍሬጌ ከመሠረቶቹ አንዱን ያቆመው ማንኛውም መለያ የራሱን ስብስብ ያበጃል ብሎ ነበር። ራስል ያየውን ነገር በመዝገብ እናስረዳ። የዕድር ጸሐፊ ራሳቸውን የማይመዘግቡ መዝገቦችን ብቻ፣ አንድም ሳይቀር፣ የሚመዘግብ መዝገብ ያዘጋጅ ቢባል፣ ያ መዝገብ ራሱን ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ቢጽፍ ራሱን የሚመዘግብ ሆነና ሊሰረዝ ነው። ቢሰረዝ ደግሞ ራሱን የማይመዘግብ ሆነና ሊገባ ነው። ጸሐፊው ምን ይዋጠው! የብዙ ዓመት ሕንፃ በአንዲት ደብዳቤ ተናጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤውን ሸሽጎ ዝም ይል ነበር ብለን እንገምታለን። ፍሬጌ ግን ሳምንት ሳይሞላው ስሕተቱን አምኖ መለሰ፤ በራሱ ገንዘብ ባሳተመው በ1903ቱ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻም ጉድለቱን ለአንባቢ ሁሉ ገልጦ ጻፈ። ያቀረበው መጠገኛ ግን በኋላ ሲመረመር አልሠራም። በ1904 ሚስቱ ማርጋሬተ ሞተች፤ አልፍሬድ የሚባል ልጅ ወስዶ አሳደገ።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1924 በያዘው የዕለት ማስታወሻ አይሁዶችን የሚጠላና ዴሞክራሲን የሚንቅ ሐሳብ ጽፏል። አእምሮው ስለ በራ ብለን ይህንን አንሸፍንለትም።

በመጨረሻ ዘመኑ ቁጥርን ከአስተሳሰብ ሕግ ብቻ ማውጣት አይቻልም ብሎ፣ መሠረቱን በጂኦሜትሪ መፈለግ ጀምሮ ነበር። ሳይጨርሰው ሐምሌ 26 ቀን 1925 ዐረፈ። አልፍሬድ ወረቀቶቹን ጠብቆ ለምሁራን ቢያስረክብም፣ በሚንስተር ከተማ ተቀምጠው ሳለ በ1945 በቦምብ ድብደባ ጠፉ፤ የተረፈው አስቀድሞ ከተገለበጠው ነው። በ1983 ደግሞ ክሪስፒን ራይት የሚባል ፈላስፋ ሥራውን እንደገና መርምሮ፣ የወደቀውን ሕግ ትተን ያችን የማዛመድ ሐሳብ ብቻ ብንይዝ የተለመደው ሒሳብ ሊወጣ እንደሚችል አሳየ።