በሰንሰለት የተጓዙት ካህን፤ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

ምእመናን ለችግረኞች መርጃ ለማሰባሰብ በእግር ሲጓዙ ካህናቸው አብረዋቸው ሲራመዱ ማየት ለአንዳንዶቻችን አዲስ ልማድ ይመስለን ይሆናል። የጎጃም ሰው ግን በእግር ሄዶ መለመንን፥ ያገኙትንም ተካፍሎ መብላትን ከጥንት ያውቀዋል። ከዱርቤቴ ተነሥቶ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር አኩፋዳውን አንግቶ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ ያላየ የለምና። በዚህ እትማችን የምናስታውሳቸውም ከዚሁ ምድር ወጥተው ዕድሜያቸውን በመንገድ የፈጸሙ፥ በመጨረሻም የተመጸወቱትን ለሌላው የሰጡ ካህን ናቸው።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት በምሥራቁ የጎጃም ክፍል፥ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በምትባል ቀበሌ በ1791 ገደማ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በቀረችው ዓይን ግን መጽሐፍ ከመመርመር አልቦዘኑም። በመርጡለ ማርያም ምንኩስናን ከተቀበሉ በኋላ የገዳማዊ ሕይወት ሥርዓት ስለ ምን እንደ ላላ ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍትን መረመሩ። እስከ ጎንደርም ደረሱ። ዘመኑ ሊቃውንት በክርስቶስ ባሕርይ ነገር ተከፋፍለው አጥብቀው የሚከራከሩበት ነበርና፥ የአባ ገብረ ሚካኤል ልብ በዚያ ክርክር ዕረፍት አላገኘም።

በ1841 የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን ወደ ግብፅ ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል ከመልእክተኞቹ አንዱ ሆኑ። የጉዞው ባልደረባ ኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ፥ በእኛ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚታወቁት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። ወጣቱ አቡነ ሰላማ ለኢትዮጵያ ተሾሙ፤ ከመልእክተኞቹም ከፊሎቹ ወደ ሮማ አልፈው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። ያን ያህል ረጅም መንገድ አብረው ሲጓዙ የአቡነ ያዕቆብ ትሕትና ከማናቸውም ክርክር ይልቅ መነኩሴውን ሳይማርካቸው አልቀረም ብለን እናስባለን። በ1844 የካቶሊክ እምነትን ተቀበሉ። ትምህርተ ክርስቶስ በማዘጋጀትና ደቀ መዛሙርትን በማስተማር ሲረዱ ቆይተው፥ በ1851 በስድሳ ዓመታቸው ገደማ ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስናን ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ከባድ ነው። በ1854 ደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ የተከፋፈለችውን አገር በአንድ ሃይማኖት ለማስተሳሰር ከአቡነ ሰላማ ጋር ሲስማሙ፥ አባ ገብረ ሚካኤል ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ጎንደር ላይ ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብም ታስረው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤልን ያሳሰሩት ጳጳስ እሳቸው ራሳቸው ሊያመጧቸው ግብፅ ድረስ የሄዱላቸው ነበሩ። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሃይማኖትና መንግሥት ተለይተው የሚታሰቡ አልነበሩምና። እምነታቸውን እንዲክዱ ብዙ ወራት በእስራት ተጨነቁ፤ አልካዱም። በንጉሡ ፊት ቀርበውም ክፉኛ ተገረፉ። ሞተዋል ሲባል ደግመው ተነሡ፤ ስለዚህ ሰዉ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ይጠራቸው ጀመር። በግንቦት 1855 መጨረሻ ሞት ሲፈረድባቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ንጉሡ ግን በአንድ ከተማ የሚቀመጡ አልነበሩምና እስረኛውም ከሠራዊቱ ኋላ መጓዝ ግድ ሆነባቸው። ሠራዊት በክረምት ጭቃ ሲዘምት፥ እግረ ሙቅ የገባባቸው የስድሳ አራት ዓመት ሽማግሌ እንዴት እንደ ተከተሉት አንባቢ ይገምተው። የዚያን ጊዜ እስረኛ እንደ ዛሬው ከመንግሥት ቀለብ አይሰፈርለትም፤ የሚበላው ዘመዱ ያመጣለትን ወይም መንገደኛ የመጸወተውን ነው። በዚያው ዓመት ኮሌራ በሠራዊቱ ገባ፤ አባ ገብረ ሚካኤልንም ያዛቸው። ሰው ሳያስበው ተሻላቸው። ከተሻላቸው በኋላ ከምጽዋት የተረፈቻቸውን ጥቂት ነገር ገና ለታመሙት አከፋፈሏት። የሚሰብኩበት መንበር፥ የሚቀድሱበት ታቦት በሌለበት በዚያ ጉዞ እስረኞቹና ወታደሮቹ ቁምስናቸው ነበሩ ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ጉልበታቸው ግን አልቆ ነበር። ነሐሴ 28 ቀን 1855 ጨረቻ ገባባ በተባለ ስፍራ ከመንገዱ ዳር ጋደም አሉ፤ ከዚያም አልተነሡም። ጠባቂዎቻቸው ሰንሰለቱን ከእግራቸው ፈትተው በዚያው ቀበሯቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 በሮማ ብፅዕናቸውን አወጁ።